የጋንዶ ጭቃና የተማሪው ንድፍ

ሥነ ሕንፃ ከሌሎች ጥበባት ይልቅ ከሕዝብ ኑሮ ጋር የተቆራኘ ነው። ቅኔ ያልጣመው ሰው ጆሮውን ይመልሳል፤ ሥዕል ያልማረከው ዐይኑን ያነሣል፤ ሳይታሰብበት የተሠራ ቤት የደረሰው ግን ከነሐሩሩና ከነፍሳሹ ይኖርበታል። ስለዚህ የወጣት ነዳፊ ሥራ ለሽልማት ሲቀርብ መመዘን ያለበት በወረቀት ላይ ባለው የመሥመር ውበት ብቻ አይደለም። ለዚህ የጋንዶ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ምስክር ነው።

ጋንዶ በቡርኪና ፋሶ የምትገኝ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ1965 በዚያ የተወለደው ዲየቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ፣ በመንደሩ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ፊደል ለመቁጠር በሰባት ዓመቱ ከወላጆቹ ተለይቶ ወደ ቴንኮዶጎ ከተማ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1985 በአናጢነት ለመሠልጠን ወደ ጀርመን ተሻገረ፤ ኋላም በበርሊን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ሆነ። ገና ሳይመረቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ማኅበር አቋቁሞ ገንዘብ እያሰባሰበ ለትውልድ መንደሩ ትምህርት ቤት ነደፈ።

ይሁን እንጂ ፈተናው የገንዘብ ብቻ አልነበረም። ሕዝቡ የዘመናዊ ሕንፃ ምልክት ሲሚንቶና መስተዋት እንደሆነ ያምን ስለነበር፣ ከአውሮፓ የተመለሰው ልጁ ጭቃ ሲያቀርብለት ተጠራጠረ። ጥርጣሬው መሠረት ነበረው፤ ጭቃ ቤት በክረምት ዝናብ ሲፈርስ ያየ ሕዝብ ነውና። በአንጻሩ የሲሚንቶ ክፍል ውድ ከመሆኑም በላይ በዚያ አገር ሙቀት እንደ ምድጃ ይግላል።

ኬሬ ለዚህ መልስ የሰጠው በሥራ ነው። የአካባቢው አፈር ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ተደባልቆና ተጨምቆ ጠንካራ ጡብ ሆነ። የቆርቆሮው ጣሪያ በፌሮ ብረት በተበየደ ቀላል ተሸካሚ ላይ ከጡቡ ኮርኒስ በላይ ከፍ ብሎ ተዘረጋ፤ ክፈፉም ከግድግዳው ወጣ ብሎ ዝናቡን ከለከለ። ሞቃት አየር በኮርኒሱ ክፍተቶች ወጥቶ ከጣሪያው ሥር ሲያልፍ፣ ቀዝቃዛው በመስኮት ይገባል። ክፍሉ ያለ ኤሌክትሪክ ይተነፍሳል።

ግንባታውም የሕዝብ ነበር። ልጆች ለመሠረቱ ድንጋይ ለቀሙ፤ ሴቶች ለጡቡ ውኃ አመላለሱ፤ የመንደሩ ሰዎች ጡብ መሥራትንና ብየዳን በሥራው ላይ ተማሩ። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን ተቀዳጀ። ነዳፊው ዲፕሎማውን የተቀበለው በዚያው ዓመት ነበር። ይህ ሽልማት ከነዳፊው ጋር ገንቢውንና ባለቤቱንም ማክበሩ ለጋንዶ የተገባ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ኬሬ የፕሪትዝከርን ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ነገር ግን የጋንዶ ታላቅ ድል ከሜዳሊያው ቀድሞ ተገኝቷል፤ ይኸውም ሕዝቡ የድህነት ምልክት አድርጎ ይንቀው የነበረው የገዛ አፈሩ፣ በዕውቀት ሲለወስ ለልጆቹ ጥላ እንደሚሆን በገዛ እጁ ሠርቶ ባረጋገጠ ጊዜ ነው።