የእንግሊዝ መኪናና የኛ መንገድ



ባለፈው ስብሰባችን እድሩ አስከሬን የሚያጓጉዝበት ያገለገለ መኪና ይግዛ፣ አይግዛ በሚለው ነገር ሳንስማማ መበተናችን የሚታወስ ነው። ከመካከላችን «ስሟ የተጠራ አሮጌ የእንግሊዝ መኪና በርካሽ ተገኝታለች» ያሉ ነበሩ። እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የፈጀን ሰዎች ፋይል ሳናይ መፈረም አንወድም። ስለዚህ የእንግሊዝን መኪና ታሪክ ባጭሩ ጽፈን አቅርበናል።

እንደሚታወቀው፣ በአገራችን የመጀመሪያዋ መኪና ተብላ የምትነገረው የእንግሊዝ ሥራ ናት። በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ መንገድ በሌለበት በረሃ አቋርጦ፣ አዲስ አበባ ለዐፄ ምኒልክ አደረሰ። በስሙ ተሳስቶ ዛሬ ሀብታሞች የሚነዷትን ቤንትሌይ ያመጣ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ያ ኩባንያ ግን የሌላ ሰው ነው፤ የተቋቋመውም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1919 ነው። የሲድሌይ ስም በበኩሉ ከአርምስትሮንግ ጋር ተጣምሮ እስከ 1960 መኪና ሲወጣበት ቆየና ሥራው ቆመ። ዛሬ ስሙን የሚያነሣው ጥቂት ነው።

ከዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ብዙ የስፖርት መኪና ሠርተዋል። ኤም ጂና ጃጓር የታወቁ ናቸው፤ ካልታወቁት አንዷ ጁፒተር ናት። ብራድፎርድ በተባለ ከተማ የነበረው የጆዌት ፋብሪካ በ1950 አወጣት። በዚያው ዓመትና በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት፣ ለማን በሚባለው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት እሽቅድድም በሞተሯ መጠን ከተመደቡት ሁሉ አንደኛ ወጣች። ታዲያ ምን ያደርጋል! ፋብሪካው ጃቬሊን በምትባለው በሌላዋ መኪናው ካምቢዮ ብልሽት ስሙ ተነካ። የጃቬሊንን ገላ የሚሠራለትን ድርጅት ደግሞ ፎርድ ገዛው። በ1954 የመኪና ሥራው አበቃ፤ የጁፒተርም ነገር በዚያው ቀረ። ሲሮጡ መቅደም አንድ ነገር ነው፤ ዘልቆ መኖር ሌላ።

እንዲህ ያለች ሆዷ መሬት የምትልስ መኪና የኛን የክረምት ጭቃ አትችለውም። የጎጃምን መሬት የእንግሊዝ ጦርም ያውቀዋል። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ሲገቡ የጭነት መኪናዎቹ በየገደሉና በየአሸዋው እየተያዙ አስቸገሩ። ጓዙን የተሸከሙት ከሱዳን የመጡ ወደ 15,000 የሚጠጉ ግመሎች ነበሩ፤ አብዛኞቹም አለቁ። ጣልያን ቡሬን የለቀቀው በዚያው ዓመት በየካቲት መጨረሻ ነው።

ለኛ መንገድ የተስማማችው ላንድሮቨር ናት። ሮቨር የተባለው ኩባንያ በ1948 አወጣት። ከጦርነቱ በኋላ ብረት ስለጠፋ ገላዋ በአሉሚኒየም ተሠራ፤ አራቱም ጎማዋ ይስባል። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ወደ ገጠር ስትወጣ የወባ መድኃኒት የጫነች፣ ዳኛ ያሳፈረች፣ በሽተኛ ያመጣች እሷ ናት። ያች የጥንቷ ዓይነት በ2016 መመረቷ ቆሟል።

ነገር ግን እሷም ብትሆን ያለ መለዋወጫ ቆርቆሮ ናት። እኛ በምንሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ክረምት ላንድሮቨራችን የነዳጅ ፓምፕ ላስቲክ ታጥቶ ቆመች። መዳፍ የማትሞላ ላስቲክ! ደብዳቤ ጻፍን፣ ማሳሰቢያ ጻፍን፣ መልስ የለም። በዚያው ወር አንድ ባልደረባችን ከማንኩሳ ወዲያ ለመስክ ሥራ እንደ ወጣ አረፈ። አስከሬኑን በቃሬዛ፣ በዝናብ፣ እየተቀያየርን ተሸክመን አመጣን። ቀብሩ ለዓይን ሲይዝ ሆነ። እናቱ «ምነው አስመሻችሁብኝ?» ያሉን እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም።

እንግዲህ መኪና አይገዛ አላልንም። ከመግዛታችን በፊት ግን መለዋወጫዋ በቅርብ ይገኛል ወይ? የሚፈታት መካኒክ አለ ወይ? ከወር መዋጮው ለጥገናዋ ተለይቶ የሚቀመጥ ገንዘብ አለ ወይ? ብለን እንጠይቅ። ይህ ከተሟላ የየትም አገር ትሁን፣ ትገዛ። ካልተሟላ ግን ስሟን ብቻ ገዝተን በድንኳናችን አጠገብ አናቁማት። ቃሬዛውንም ቢሆን አንጣለው፤ ዕቃ ቤት ይቀመጥ። ላስቲክ አይፈልግም።

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ነው፤ ሁላችንንም በሰላም መንገድ ያድርሰን። ቸር ያሰማን።