የቤት ኮምፒውተር እንክብካቤ

የቤት ኮምፒውተር እንክብካቤ አንድ የግል ኮምፒውተር ፍጥነቱንና መረጋጋቱን እንደያዘ እንዲቆይ በየጊዜው የሚደረግለት የጽዳት፣ የማዘመንና የክትትል ሥራ ነው። ከጥገና የሚለየው ብልሽት ከመድረሱ በፊት የሚሠራ መሆኑ ነው። ሥራው ሃርድዌር የሚባሉትን አካላዊ ክፍሎች፣ ሶፍትዌር የሚባሉትን ፕሮግራሞችና በኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጡትን ፋይሎች ይመለከታል። ሃርድዌር ይገዛል፣ ፕሮግራምም እንደገና ይጫናል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የቤተሰብ ፎቶግራፍ ግን ቅጂ ሳይኖረው ከጠፋ የሚተካው የለም።

በኢትዮጵያ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ወይም በየመሃሉ ሲቆም ቶሎ የሚታሰበው መፍትሔ «ፎርማት ማድረግ» ነው። ይህም ዲስኩን ባዶ አድርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። የተጠራቀሙት ፕሮግራሞችና ቫይረሶች አብረው ስለሚጠፉ ዘዴው ብዙ ጊዜ የሚሠራ ይመስላል። ይሁን እንጂ መንስኤው ሙቀት፣ የራም ማነስ ወይም በማርጀት ላይ ያለ ዲስክ ከሆነ ችግሩ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል፤ የጠፉት ፋይሎች ግን አይመለሱም። ፎርማት ማድረግ የመጨረሻው አማራጭ መሆን የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮምፒውተር ለምን ይንቀራፈፋል

ፕሮሰሰር በዕድሜ ብቻ አይደክምም፤ በ5ኛ ዓመቱም የሚያሰላው በመጀመሪያው ቀን ባሰላበት ፍጥነት ነው። የሚለወጠው የሚሸከመው ሥራና የሚሠራበት ሁኔታ ነው። አዳዲስ ፕሮግራሞችና ድረ ገጾች ከቀድሞዎቹ የበለጠ ራም ይፈልጋሉ፣ ዲስኩ ይሞላል፣ ማራገቢያው በአቧራ ይታፈናል።

የራምና የዲስክን ግንኙነት መረዳት ብዙውን ነገር ግልጽ ያደርጋል። ራም እንደ መሥሪያ ጠረጴዛ ነው፤ የተከፈተ ፕሮግራምና ፋይል ሁሉ በእርሱ ላይ ይዘረጋል። ዲስክ ደግሞ እንደ ዕቃ ቤት ነው። ጠረጴዛው ሲሞላ ስርዓተ ክወናው ለጊዜው የማይፈለገውን እያነሳ ወደ ዕቃ ቤቱ ይወስዳል፣ ሲፈለግም መልሶ ያመጣል። የሜካኒካል ሃርድ ዲስክ ራስ የሚፈለገው ቦታ ላይ ለመድረስ 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ራም ግን መልስ የሚሰጠው ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ሁለት ሦስት ፕሮግራም ተከፍቶ አይጤው ሲደነዝዝ የሚታየው ይህ ምልልስ ነው።

መንስኤውን ለመለየት በዊንዶውስ ላይ «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኢስኬፕ» የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማኔጀርን መክፈት ይቻላል። እዚያ የፕሮሰሰሩ፣ የራሙና የዲስኩ አጠቃቀም በመቶኛ ይታያል። ራሙ ዘወትር ወደ 90 በመቶ የሚጠጋ ከሆነ የሚያስፈልገው የተከፈቱ ፕሮግራሞችን መቀነስ ወይም ራም መጨመር ነው፤ ፎርማት ራም አይጨምርም። ማንም ምንም ሳይሠራበት ፕሮሰሰሩ ከተጨናነቀ ደግሞ በዝርዝሩ አናት ላይ የሚገኘው ፕሮግራም ምን እንደሆነ ማጣራት ተገቢ ነው።

በዚያው መስኮት ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ዝርዝርም አለ። ብዙ ፕሮግራሞች ሲጫኑ ራሳቸውን በዚህ ዝርዝር ውስጥ ያስገባሉ። ከዝርዝሩ ማቦዘን ፕሮግራሙን አያጠፋም፤ ሲፈለግ ብቻ እንዲነሳ ያደርጋል።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር በማጥፋትና በሪስታርት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ባሉት እትሞች፣ ፈጣን መነሻ የተባለው ቅንብር ከሠራ፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የስርዓተ ክወናው እምብርት ሁኔታ ዲስክ ላይ ተቀምጦ በማግስቱ እንዳለ ይመለሳል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከባዶ ያስጀምራል። ማታ ማታ የሚጠፋ ኮምፒውተር ለሳምንታት በትክክል እንደ አዲስ ሳይነሳ ሊቆይ የሚችለው ለዚህ ነው፤ አንድ ሪስታርትም አንዳንዴ የግማሽ ቀን ጣጣ ይፈታል።

ዲስክ

በሜካኒካል ሃርድ ዲስክ ላይ አንድ ፋይል በተለያዩ ቦታዎች ተቆራርጦ ሊቀመጥ ስለሚችል ቁርጥራጮቹን የሚሰበስብ ዲፍራግመንት የተባለ ሥራ ይሠራለታል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህ ሥራ ተጠቃሚው ራሱ አስጀምሮ ለሰዓታት የሚጠብቀው ነበር። አሁን ዊንዶውስ በራሱ መርሐ ግብር ያከናውነዋል። ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ግን ዲፍራግመንት አያስፈልገውም፤ ደጋግሞ መጻፍ ዕድሜውን ከመቀነስ በቀር የሚያመጣው ጥቅም እምብዛም ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው ትሪም የተባለው ትእዛዝ ነው፤ ይህም የተሰረዙት ቦታዎች የትኞቹ እንደሆኑ ለዲስኩ ይነግረዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 7 ይህን ትእዛዝ ይደግፋል።

ሁለቱም ዓይነት ዲስኮች ሲሞሉ ይቸገራሉ፤ ስርዓተ ክወናው ለጊዜያዊ ፋይሎችና ለዝመና ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ የዳውንሎድ አቃፊ፣ ተደጋግሞ የተቀዳ ቪዲዮና የማይሠራበት ጨዋታ ነው። የዊንዶውስ አቃፊ ውስጥ ገብቶ የማያውቁትን ፋይል በእጅ መሰረዝ ግን ኮምፒውተሩ እንዳይነሳ ሊያደርግ ይችላል።

ሃርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፦ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ፋይል ሲከፈት ረጅም ዝምታ፣ ሊነበብ የማይችል ፋይል። ዲስኮች ስማርት በተባለ ስርዓት የራሳቸውን ጤንነት ይመዘግባሉ፤ መዝገቡን የሚያነቡ ነጻ ፕሮግራሞችም አሉ። ምልክቶቹ ሲታዩ መጀመሪያ የሚሠራው ፋይሎችን ወደ ሌላ ዲስክ መቅዳት ነው። ሊሞት በተቃረበ ዲስክ ላይ የዲስክ ማረሚያ ማስኬድ ወይም ዊንዶውስ ዳግም መጫን የቀረውን ዕድሜውን ያስጨርሰዋል። ሜካኒካል ዲስክ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር ለማፍጠን ደግሞ፣ ራሙ በቂ እስከሆነ ድረስ፣ ዲስኩን በኤስኤስዲ እንደመተካት የሚታይ ለውጥ የሚያመጣ ነገር የለም።

አቧራና ሙቀት

ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በብዙዎቹ ላይ ይህ የሚሆነው ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ኮምፒውተሩ ድንገት ይጠፋል። ሲነሳ ፈጣን የነበረ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ የሚንቀራፈፍና ማራገቢያው የሚጮህ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው። አልጋና ብርድ ልብስ ላይ ማስቀመጥ የታችኛውን የአየር መግቢያ ይደፍናል። በበጋ ወራት፣ በተለይ ያልተነጠፈ መንገድ አጠገብ ባሉ ቤቶች፣ አቧራው በማራገቢያውና በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል እንደ ስሜት ጨርቅ ይጋገራል።

ሲጸዳ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከኤሌክትሪክ መነቀል አለበት። በለስላሳ ብሩሽና በንጹሕ የታመቀ አየር አቧራውን ማውጣት ይቻላል፤ አየሩ ሲነፋ የማራገቢያውን ክንፍ በጣት ይዞ እንዳይሽከረከር ማድረግ ያስፈልጋል። ጎማ የሚነፋበት ኮምፕሬሰር ከአየሩ ጋር እርጥበትና ዘይት ሊረጭ ስለሚችል ለዚህ አይመከርም። ከዓመታት በኋላ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ስለሚደርቅ መቀየር ሊያስፈልገው ይችላል፤ ልምድ ለሌለው ሰው ይህን ለባለሙያ መተው ይሻላል።

ኤሌክትሪክ

መብራት ድንገት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ኤንቲኤፍኤስ የተባለው የዊንዶውስ የፋይል ስርዓት የዲስኩን አወቃቀር ለመጠበቅ የለውጦችን መዝገብ ይይዛል፤ መዝገቡ ግን ያልተቀመጠን ጽሑፍ አያድንም። ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። ለዴስክቶፕ ዩፒኤስ ፋይል አስቀምጦ ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል እስኪረጋጋ ድረስ ነቅሎ መጠበቅ ወጪ የሌለው መከላከያ ነው።

ማዘርቦርዱ ላይ የምትገኘው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስታልቅ ደግሞ ኮምፒውተሩ በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑ ሲሳሳት ደህንነታቸው የተጠበቀ ድረ ገጾች አንከፈትም ይላሉ፤ ብዙ ሰው ይህን የኢንተርኔት ብልሽት ወይም ቫይረስ ያደርገዋል።

ዝመናና ቫይረስ

ዝመና ዳታ ስለሚበላ የሚዘጉት ብዙ ናቸው። በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ቫይረስ ከ150 በላይ በሆኑ አገሮች ተሠራጭቶ የብሪታንያ ሆስፒታሎችን ሥራ ሳይቀር አወከ። ቫይረሱ የተጠቀመበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ዝመና ግን ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ወደ ዊንዶውስ 11 ማለፍ ለማይችሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች እንደ ሊኑክስ ያለ ነጻ ስርዓተ ክወና አንዱ አማራጭ ነው።

ፍላሽ ከማተሚያ ቤት ወደ ቤት ቫይረስ ያመላልሳል። ከተለመዱት አንዱ ፋይሎችን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ነው። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም፤ ተደብቀው ነው። በመሆኑም ፍላሹን ፎርማት ከማድረግ በፊት የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ ማዘዝ ይገባል። ዊንዶውስ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር ለአብዛኛው የቤት ተጠቃሚ በቂ ነው፤ ሁለት ጸረ ቫይረስ አንድ ላይ መጫን እርስ በርስ ያጋጫቸዋል። ኮምፒውተርን «በ10 እጥፍ እናፈጥናለን» የሚሉ ማጽጃዎች ጥቅማቸው አጠራጣሪ ነው፤ ማይክሮሶፍትም ሬጂስትሪ የሚባለውን የዊንዶውስ መዝገብ የሚያጸዱ ፕሮግራሞችን መጠቀምን አይደግፍም።

መጠባበቂያ ቅጂ

ባክአፕ በሚባለው ሥራ በስፋት የሚታወቀው ደንብ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ይባላል፦ 3 ቅጂ፣ በ2 የተለያየ ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ። ኢንተርኔት ውድ በሆነበት ቦታ ሦስተኛው ቅጂ በዘመድ ቤት የተቀመጠ ውጫዊ ዲስክ ሊሆን ይችላል። ውጫዊው ዲስክ ቅጂ ከተወሰደ በኋላ መነቀል አለበት፤ እንደተሰካ ከቆየ ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ እርሱንም ይቆልፈዋል። አልፎ አልፎም ከቅጂው ጥቂት ፋይሎችን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ያለ ቅጂ በስህተት ፎርማት የተደረገ ዲስክ የሚድንበት ዕድል እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ሜካኒካል ዲስክ ላይ ፈጣኑ ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን ብቻ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ወዲያው ሥራ ካቆመና ሌላ ነገር ካልተጻፈበት፣ ብዙ ፋይሎችን በመልሶ ማግኛ ፕሮግራም ማውጣት ይቻላል። በላዩ ላይ አዲስ ዊንዶውስ ከተጫነ ግን ዕድሉ ይጠባል። ኤስኤስዲ ላይ ትሪም ባዶ የተባሉትን ቦታዎች እንዲያጸዳ ዲስኩን ስለሚያዘው፣ ፋይሎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ከባለሙያም እጅ ሊያመልጡ ይችላሉ።