ሬኪ

ሬኪ በጃፓን አገር በ1922 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሚካኦ ኡሱይ በሚባል ሰው የተመሠረተ፣ እጅን በሕመምተኛው አካል ላይ በማሳረፍ ወይም ጥቂት ከፍ አድርጎ በመያዝ ፈውስ ይገኝበታል የሚባል ልማድ ነው። ስሙ የሁለት ቃላት ጥምር ሲሆን፣ «ሬይ» ረቂቁን መንፈስ፣ «ኪ» ደግሞ እስትንፋስንና በፍጥረት ሁሉ ይመላለሳል ተብሎ የሚታመነውን የሕይወት ኃይል ያመለክታል። በቤተ ክርስቲያናችን አንብሮተ እድ የሚባለው ሥርዓት በመልኩ ቢቀርበውም፣ ያኛው በጸሎትና በክህነት ሥልጣን የሚፈጸም በመሆኑ ሁለቱን አንድ አድርጎ መቍጠር አይገባም።

የጃፓን የሜይጂ መንግሥት በ1874 ባወጣው ደንብ የምዕራባውያንን ሕክምና የአገሩ ሕክምና መሠረት ካደረገው በኋላ፣ የጥንቱ የሕክምና ጥበብ ከመንግሥት ጥላ ውጭ ቢቀርም ከሕዝቡ ልብ ስላልወጣ፣ በታይሾ ዘመነ መንግሥት (1912–1926) በእጅ፣ በትንፋሽና በኅሊና ኃይል እንፈውሳለን የሚሉ ሰዎች በብዛት ተነሥተው ነበር። «የሬኪ ሕክምና» የሚለው ስም እንኳ ከኡሱይ በፊት በ1919 በታተመ የሌላ ፈዋሽ መጽሐፍ ላይ ይገኛል።

ስለ ኡሱይ ሕይወት የሚታመነው ዋና ምስክር፣ ደቀ መዛሙርቱ በሞተ በዓመቱ በ1927 በቶኪዮ በሳይሆጂ ቤተ መቅደስ መካነ መቃብር ያቆሙለት የድንጋይ ሐውልት ነው። በ1865 በጊፉ አውራጃ በታኒያይ መንደር የተወለደው ይህ ሰው፣ ሐውልቱ እንደሚለው፣ ታሪክንና ሕክምናን፣ የቡድሃንና የክርስቲያንን መጻሕፍት ሳይቀር ያነበበ፣ አውሮፓን፣ አሜሪካንና ቻይናን ያየ፣ ዳሩ ግን ዕድል ፊቷን ስላዞረችበት በችግር የኖረ ሰው ነበር። በመጨረሻም ከኪዮቶ በስተሰሜን ወደሚገኘው ወደ ኩራማ ተራራ ወጥቶ ሃያ አንድ ቀን ሲጾም (በእኛ አነጋገር ሦስት ሱባኤ መሆኑ ነው፤ የነቢዩ ዳንኤልን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ቍጥሩ እንግዳ አይሆንበትም) ታላቅ ኃይል ከራሱ በላይ ሲያርፍበት ተሰማው፤ ኃይሉንም አስቀድሞ በራሱ፣ ቀጥሎም በቤተ ሰቡ ላይ ፈትኖ፣ በሚያዝያ ወር 1922 በቶኪዮ ማኅበር አቋቋመ። በመስከረም 1 ቀን 1923 ከመቶ ሺህ ሰው በላይ የፈጀው የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮንና አካባቢዋን ባፈራረሰ ጊዜ፣ ኡሱይ በየቀኑ እየወጣ ቍስለኞችን በመርዳቱ ዝናው ሰፋ። በመጋቢት 1926 በፉኩያማ ከተማ ሲሞት ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች ትቶ እንደነበር ያው ሐውልት ይናገራል። ተማሪዎቹ ጥዋትና ማታ እጃቸውን አጋጥመው፣ ለዛሬ እንኳ ከቍጣና ከጭንቀት ርቆ በምስጋና፣ በትጋትና በደግነት መዋልን የሚያዝዙ አምስት ምክሮችን ይደግሙ ነበር፤ ከእጁ ይልቅ ይህ የሥነ ምግባር ወገን ለኡሱይ የሚቀድም ይመስለኛል።

ከደቀ መዛሙርቱ መካከል የቀድሞው የባሕር ኃይል መኰንን ቹጂሮ ሃያሺ በቶኪዮ የራሱን የሕክምና ቤት ከፈተ። ወደዚህ ቤት በ1935 የመጣችው ሃዋዮ ታካታ፣ በሃዋይ ከሚገኘው ከካዋይ ደሴት ከጃፓናውያን ስደተኞች የተወለደች፣ ባሏ የሞተባትና በብዙ ደዌ የተያዘች ሴት ነበረች፤ እርስዋ እንደተረከችው፣ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ከተኛችበት አልጋ ላይ «አያስፈልግም» የሚል ድምፅ ሰምታ ተነሣች፣ በሃያሺም ዘንድ ዳነች። ጥበቡን ተምራ በ1937 ወደ ሃዋይ ተመለሰች፤ በ1938 ሃያሺ የመምህርነትን ማዕርግ ሰጣት።

ከዚህ በኋላ ነው ታሪኩ መልኩን የለወጠው። በፐርል ሐርበር ላይ የተፈጸመው ጥቃት ጃፓንንና አሜሪካንን ደመኞች ካደረጋቸው በኋላ፣ የጃፓንን መንፈሳዊ ጥበብ ለአሜሪካውያን ማስተማር ቀላል አልነበረም፤ በታካታ ትረካ ኡሱይ የክርስቲያን ካህን፣ የኪዮቶው የዶሺሻ ትምህርት ቤት አለቃና በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሊቅ ሆኖ ቀረበ። የሁለቱ ተቋማት መዛግብት ይህን አያረጋግጡም፤ ትምህርቱ ግን ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ ስለነበረ፣ በቶኪዮ የቆመው ድንጋይ የሚመሰክረውን ባሕር ማዶ የሚያነብ አልነበረም። ታካታን ሐሰተኛ ብሎ ከመኰነን፣ እንግዳ ዕቃ የባዕድ ልብስ ሳይለብስ ገበያ እንደማይገባ የገባት አስተዋይ ሴት ነበረች ማለት ይሻላል። በአንጻሩ ለመምህርነት ማዕርግ አሥር ሺህ ዶላር ማስከፈሏ ብዙ ያነጋግራል። ከ1970 እስከ ዕረፍቷ እስከ ታኅሣሥ 1980 ድረስ ሃያ ሁለት መምህራንን ሾመች፤ ልማዱ በአሜሪካና በአውሮፓ የተሠራጨው በነዚህ እጅ ነው፤ ክፍያውም በኋላ በእጅጉ ረከሰ።

ስለ ፈዋሽነቱ፣ አለ የሚባለው ኃይል በማናቸውም መሣሪያ ተለክቶ አልተገኘም። በ2008 የታተመ አንድ የምርምሮች ግምገማ ማስረጃው በቂ አይደለም ብሎ ሲደመድም፣ በዓመቱ የአሜሪካ ካቶሊካውያን ጳጳሳት ሬኪ ከሳይንስም ከክርስትና እምነትም ጋር አይስማማም ሲሉ በካቶሊክ ተቋማት እንዳይሠራበት መመሪያ አወጡ። ሕመምተኞች ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ዕረፍት ግን፣ ጸጥ ባለ ክፍል ተጋድሞ በደግ ሰው እጅ መዳሰስ ብቻውን ሊያመጣው የሚችል ነገር ነው።

ኡሱይ የመሠረተው ማኅበር በጃፓን ለውጭ ሰው በሩን ዘግቶ ጥቂቶች የሚያውቁት ሆኖ ሲኖር፣ ከ1980ዎቹ ወዲህ የምዕራቡ ሬኪ ባሕር ተሻግሮ ወደ አገሩ ተመለሰ። ጃፓናውያንም የኡሱይን ሬኪ ከቻይና በወረሱት ፊደል ሲጽፉት፣ ከአሜሪካ የመጣውን ግን ለባዕድ ቃላት በለዩት በካታካና ፊደል ይጽፉታል።