ከፈርጉሰን እስከ ኩቦታ፦ ትንሹ ትራክተር እንዴት መጣ? ለድርቆሻችንስ የቱ ይሻላል?

ዩኒየናችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት በየመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ስብሰባ ላይ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ለድርቆሽ አጨዳና ለግቢ ሥራ የሚሆን ትራክተር ይገዛ የሚለው ነው። አባላት በመግዛቱ ተስማምተዋል፤ ያልተስማሙት በመጠኑ ነው። ገሚሱ «ከተገዛ አይቀር ትልቁ ይገዛ፣ ያርስም ያጭድም» ሲል ገሚሱ ደግሞ ትንሹ ይበቃናል ይላል። ገንዘቡ አባላት በዕጣ ያዋጡትና ሳይከፋፈሉ ያቆዩት ትርፍ በመሆኑ ክርክሩ ቢጠነክር አያስገርምም። ይህች ጽሑፍ የዋጋ ዝርዝር ይዛ አልቀረበችም። ትንሽ ትራክተር የሚባለው መሣሪያ ከየት እንደመጣ፣ ክፍሎቹም በምን ችግር ምክንያት እንደተፈለሰፉ ታስረዳለች። የአንድን ክፍል ምክንያት ያወቀ ገዢ ሻጭ በሚናገረው የፈረስ ጉልበት ብቻ አይታለልም። በጽሑፉ ውስጥ የውጭ አገር ታሪክ ዘመኑ እ.ኤ.አ. መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

በሰሜን ሸዋ ደጋ ለምንኖር ሰዎች የድርቆሽ ነገር የታወቀ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ካለፈ በኋላ ሣሩ አብቦ ፍሬው ሳይረግፍ፣ አረንጓዴነቱም ሳይለቀው መታጨድ ይኖርበታል። ቀኑ ካለፈበት ግንዱ ይጠነክራል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ የሚከመረውም ከገለባ ብዙ ያልተሻለ ነገር ይሆናል። ላሟ ትበላዋለች፤ ወተት ግን አትሰጥበትም። ቀድሞ ቢታጨድ ደግሞ ያልወጣው ዝናብ ያበሰብሰዋል። በዚያው ሰሞን ገብሱና ስንዴው ስለሚደርስ የቤተሰቡ ጉልበት ወደ አዝመራው ይሄዳል። ማጨጃ መሣሪያ የተፈለገው እንግዲህ ለእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነው። በቀረው የዓመቱ ጊዜ ትራክተሩ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከመጋዘን ወደ ማኅበራት ያመላልሳል፣ ወደ መጋዘን የሚያስገባውን መንገድ ይደለድላል፣ የአጥር ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ውኃ ይስባል። ይህ ሁሉ ቀላል ሥራ ነው። ምርጫውም ከዚህ ሥራ መነሣት ያለበት ይመስለኛል።

የፈርጉሰን ነገር

ሃሪ ፈርጉሰን በ1884 በአየርላንድ ሰሜናዊ ክፍል ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። እርሻ አልወደደም፤ የወደደው ሞተር ነበር። በ1909 መጨረሻ ራሱ በሠራው አውሮፕላን በመብረር በአየርላንድ ምድር የመጀመሪያው ሆነ። ለእኛ ለኤክስቴንሽን ሠራተኞች ግን ይበልጥ የሚጥመን በ1917 የተሰጠው ሥራ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት የምግብ እጥረት ስላመጣ የአየርላንድ የግብርና መሥሪያ ቤት በየገበሬው ያሉት ትራክተሮች አሠራር እንዲሻሻል እንዲረዳ መደበው። ከረዳቱ ከዊሊ ሳንድስ ጋር በየመንደሩ እየዞረ ማረሻ ሲያስተካክልና ገበሬ ሲያስተምር ከረመ። የኋላው ፈጠራ የተወለደው ከዚያ የመስክ ሥራ ነው።

ያየው ችግር ይህ ነበር። የዚያን ጊዜ ትራክተር ማረሻውን ከኋላው እንደ ጋሪ ይጎትት ነበር። ማረሻው ድንጋይ ወይም ሥር ሲይዘው ሞተሩ መግፋቱን አያቆምም፤ ጎማው መዞር ሲያቅተው የትራክተሩ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣና ወደ ኋላ ተገልብጦ በነጂው ላይ ይወድቃል። በዚህ ብዙ ሰው ሞቷል። የዘመኑ መሐንዲሶች የሰጡት መፍትሔ ትራክተሩን ማክበድ ሲሆን፣ የከበደ ትራክተር ደግሞ ዋጋውም ይወደዳል፣ መሬቱንም ይጠቀጥቃል። ፈርጉሰን በተቃራኒው ሄደ። ማረሻውን በሁለት የታች ክንዶችና በአንድ የላይ ክንድ ከትራክተሩ ጋር አንድ አካል አደረገው። መሬቱ ማረሻውን ወደ ኋላ ሲጎትት የላይኛው ክንድ ወደ ፊት ይገፋል፣ ግፊቱም የትራክተሩን አፍንጫ መሬት ያስይዘዋል። የዘይት ግፊት ደግሞ ማረሻውን ጠለቅና ብቅ ያደርገዋል። የእኛ ገበሬ ዕርፉን ጫን ለቀቅ እያደረገ የበሬዎቹን ሸክም እንደሚያመዛዝነው ዓይነት ነው። ለዚህ የሚሆነውን የባለቤትነት መብት በ1926 አስመዘገበ። ዛሬ ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ የምንለው ይኸው ነው።

በ1938 ፈርጉሰን ትራክተሩን ይዞ አሜሪካ ሄዶ ለሄንሪ ፎርድ አሳየው። ሁለቱ ሰዎች ጽሑፍ ሳይፈራረሙ እጅ ተጨባብጠው ተስማሙ። በተከታዩ ዓመት ፎርድ 9ኤን የተባለው ትራክተር ወጣ፤ ክብደቱ ወደ 11 ኩንታል ብቻ ነበር። ነገር ግን ፎርድ አርጅቶ የልጅ ልጁ ድርጅቱን ሲረከብ የእጅ ስምምነቱ ፈረሰ፤ ድርጅቱም በ1947 ያንኑ ማያያዣ የያዘ 8ኤን የተባለ ትራክተር በራሱ ማውጣት ጀመረ። ፈርጉሰን ከሰሰ። ጉዳዩ በ1952 ሲያልቅ 9 ሚሊዮን 250 ሺህ ዶላር ተከፈለው። (ውል በጽሑፍ ይሁን ብለን በየስብሰባው ስንጨቀጭቅ የሚሰለቻቸው አባላት ይህን ያስታውሱልን።) በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከ1946 እስከ 1956 የተሠራው የፈርጉሰን ቲኢ20 ደግሞ ከ5 መቶ ሺህ በላይ ተመርቷል። ኤድመንድ ሂላሪ በ1958 ደቡብ ዋልታ የደረሰው በእነዚሁ ትናንሽ ትራክተሮች ነው።

ለገዢ የሚቀረው ትምህርት ማያያዣው ደረጃ ያለው መሆኑን ነው። ለትናንሽ ትራክተሮች የተለመደው ምድብ 1 ሲሆን የታች ክንዶቹ ሹል ብረት ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ ምድብ 2 ደግሞ 28 ሚሊ ሜትር። ትራክተሩ ከአንዱ፣ ማጨጃው ከሌላው ድርጅት ቢገዛ ሁለቱ የሚገናኙት በዚህ ልክ ነው። ስለዚህ ከፊርማ በፊት አንድ ሰው መለኪያ ይዞ ይሂድ።

ማጨጃውን የሚያዞረው ዘንግ

ማረሻ መጎተት ብቻ ይበቃዋል፤ ማጨጃ ግን መዞር አለበት። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር በ1918 ከትራክተሩ ኋላ የሚወጣና ኃይል የሚያስተላልፍ ዘንግ (ፒ.ቲ.ኦ.) ያለበትን ትራክተር ለገበያ አቀረበ። በ1920ዎቹ አጋማሽ መሐንዲሶች የዘንጉን ፍጥነትና ልክ በደረጃ ወሰኑ፤ ዛሬም በትናንሽ ትራክተሮች ላይ የምናየው በደቂቃ 540 ዙር ነው።

ችግሩ የቀድሞዎቹ ትራክተሮች አንድ ፍሪሲዮን ብቻ ነበራቸው። ነጂው ፍሪሲዮን ሲረግጥ ዘንጉም አብሮ ይቆማል፤ ስለዚህ ሣሩ በዛብኝ ብሎ ሊያዘገይ ሲል ቢላዎቹ ፍጥነታቸውን ያጡና ይታነቃሉ። የከበደ ሽክርክሪት ማጨጃ ከሆነ ደግሞ የቢላዎቹ ግስጋሴ በዘንጉ ተመልሶ ትራክተሩን ወደ ፊት ይገፋዋል። ነጂው ፍሪሲዮን ረግጦ ቆምሁ ሲል ትራክተሩ አጥር ጥሶ ይሄዳል። ፎርድ 9ኤንም ሆነ ቲኢ20 ይህ ጉድለት ነበረባቸው። የካናዳው ኮክሹት ከጦርነቱ በኋላ ሞተሩ እስካልጠፋ የማይቆም ዘንግ ያለው ትራክተር አወጣ። ማሴ ፈርጉሰን 35 ላይ ደግሞ ባለ ሁለት እርከን ፍሪሲዮን ተገጠመ፤ ግማሹን ሲረግጡት ትራክተሩ ይቆማል፣ ማጨጃው ይዞራል። አሮጌ ትራክተር በርካሽ አገኘን የሚሉ ማኅበራት መጀመሪያ ሊጠይቁ የሚገባው ይህን ነው። ለማረስ ደኅና የሆነ አሮጌ ትራክተር ለማጨድ የማይረባ ሊሆን ይችላል።

ማጨጃውም አንድ ዓይነት አይደለም። እንደ መቀስ የሚሄዱ ቢላዎች ያሉት የጥንቱ ማጨጃ ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል፤ ሣሩን አንዴ ቆርጦ ስለሚያስተኛውም ድርቆሹ ንጹሕ ይሆናል። ነገር ግን ቢላው በየጊዜው መሳል አለበት፣ የወደቀና የተጠላለፈ ሣርም ያንቀዋል። ባለ ከበሮው ማጨጃ አይታነቅም፣ ቢላው በቀላሉ ይለወጣል፤ ክብደቱና የሚፈልገው ጉልበት ግን ከፍ ይላል። ሦስተኛው በቆርቆሮ ክዳን ሥር የሚሽከረከረው የቁጥቋጦ መቁረጫ ነው። ይህ ለግቢና ለመንገድ ዳር ግሩም መሣሪያ ሲሆን ሣሩን ግን ስለሚከታትፈው ለድርቆሽ አይሆንም። አንዳንድ ሻጮች ሁሉንም «ማጨጃ» ብለው ስለሚጠሩ ልዩነቱን አባላት ሁሉ ቢያውቁት መልካም ነው።

በሜዳቸው ጥበት ከእኛ ጋር የሚመሳሰሉ የኢጣሊያ ገበሬዎች ሌላ መንገድ ነበራቸው። በ1943 በሚላኖ አካባቢ ሉዊጂ ካስቶልዲ የተባለ መሐንዲስ ነጂው ከኋላው እየተራመደ የሚመራውን ባለ ሞተር ማጨጃ ሠራ፤ ቢ.ሲ.ኤስ. የተባለው ድርጅት የተነሣው ከዚያ ነው። በአገራችንም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል (ሲሚት) በአውስትራሊያ ድጋፍ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተሮችን በገበሬ ማሳ ላይ ሞክሯል። አንድ ማኅበር ብቻውን ለመግዛት ካሰበ፣ ሜዳውም የተቆራረጠ ከሆነ ይህን ቢያይ አይጎዳም። ለዩኒየን ግን ተሳቢ መጎተት ስለሚፈለግ አያዋጣም ባይ ነኝ።

ጃፓኖች የሠሩት

ኩቦታ በ1960 የጃፓንን የመጀመሪያውን አገር በቀል የማሳ ትራክተር አወጣ። የተሠራው ለጃፓን ማሳዎች ነበር። በ1969 ኤል200 የተባለውን፣ 21 የፈረስ ጉልበት ያለውን ትራክተር አሜሪካ ሲያስገባ ግን የገዛው ትልቁ ገበሬ ሳይሆን ጥቂት ሄክታር ያለው፣ ፈረስ የሚያረባው፣ ሣር የሚያጭደው ሰው ነበር። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ትራክተራቸውን በየዓመቱ ሲያተልቁ ይህን ሰው ረስተውት ነበርና ኋላ እነሱም ወደ ጃፓን ሄዱ። በ1973 የወጣው ፎርድ 1000 እና በ1977 የወጣው ጆን ዲር 850 የተሠሩት በጃፓን ፋብሪካዎች ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ ይምጣ። ያገለገሉ የጃፓን ትራክተሮች በብዛት ወደ አሜሪካ ገብተው ኩቦታ ሕግ ፊት አቀረበ፤ በ1999 ፍርድ ቤቱ ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ለአሜሪካ ከተሠሩት በአካልም በመለዋወጫም ይለያሉ በማለት ወሰነለት። ስሙና ቀለሙ አንድ የሆነ ትራክተር መለዋወጫው ላይገጥም ይችላል ማለት ነው።

የእኛ አገር ታሪክ

ወደ አገራችን ስንመለስ የትራክተር ታሪክ ሁልጊዜ የሚያስደስት አይደለም። በስዊድን መንግሥት እርዳታ በ1967 እ.ኤ.አ. በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ማዳበሪያና የተሻሻለ ዘር ለአነስተኛ ገበሬ አድርሷል፤ ትራክተሩን የተጠቀመበት ግን ባለ መሬቱ ነበር። መሬቱን በትራክተር ማረስ ሲያዋጣው ጭሰኛውን አስወጣው። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ደግሞ ትልልቅ ትራክተሮች ወደ መንግሥት እርሻዎች ሄዱ። በናዝሬት በተቋቋመው መገጣጠሚያም ይገጣጠም የነበረው ቤላሩስ ለሰፊ ማሳ የተሠራ እንጂ ለአነስተኛ ሜዳ የታሰበ አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የግብርና መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ሲወስን ነው ትንሹ ትራክተር ለኅብረት ሥራ ማኅበር የሚታሰብ ነገር የሆነው።

የጭላሎን ነገር ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። በየዓመቱ በጥቅምትና በኅዳር ማጭድ ይዘው ወደ ሜዳችን የሚመጡ አጫጆች አሉ። ትራክተሩ ሲመጣ እነሱ የት ይገባሉ ብለው የጠየቁ አንዲት እናት በአንድ ስብሰባ ላይ ተስቆባቸዋል። ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም። በእኔ አስተያየት ተዳፋቱ፣ የቦዩ ዳርና ድንጋያማው ቦታ ለማጭድ ይቅር፤ ማሽኑ ሰው አጥቶ በሚደርቀው ሰፊ የወል ሜዳና ጉልበት በሌላቸው አረጋውያንና እማወራዎች ድርሻ ይጀምር። የተራ አወጣጡ ከግዢው በፊት በጠቅላላ ጉባኤ ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ስለ መጠኑ

እንደ ደብረ ብርሃን ባለ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው የናፍታ ሞተር በተለምዶ ስሌት ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። በወረቀት ላይ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው እዚህ 30 ይሆናል፤ ከካምቢዮው አልፎ ዘንጉ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። 1 ሜትር ከ35 የሚያጭድ ባለ ከበሮ ማጨጃ ዘንጉ ላይ ከ20 እስከ 30 ይፈልጋል። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ የመዞሪያው ጊዜ ተቀንሶ፣ በሰዓት ከግማሽ ሄክታር በላይ ያጭዳል። ስለዚህ ከ35 እስከ 45 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት ትራክተር ይበቃናል። «ያርስም ያጭድም» የተባለው ትልቁ ትራክተር እርጥቡን ሜዳ ጠቅጥቆ ለከርሞው ሣር ያሳጣናል፤ ናፍታውም ለግቢ ሥራ አይቻልም። ከ25 በታች የሆነው ደግሞ ወደ 3 ኩንታል የሚመዝነውን ማጨጃ በጎኑ አንጠልጥሎ ተዳፋት ላይ መሄድ ያስፈራዋል።

ካምቢዮውን በተመለከተ፣ በፔዳል ብቻ የሚሄደው የሃይድሮሊክ ዓይነት በዛፍና በአጥር መካከል ለማጨድ ምቹ ነው። ነገር ግን ንጹሕ ዘይትና ፊልትሮ በወቅቱ ካላገኘ አይምርም፤ በአቅራቢያችን የሚጠግነው መካኒክም የለም። ባለ ማርሹ ይሻለናል። በጎረቤት ወረዳ አንድ ማኅበር ግቢ ውስጥ በሃይድሮሊክ ፓምፕ ምክንያት ሁለት ክረምት የቆመ ትራክተር አይቻለሁ፤ ዶሮዎች ማደሪያ አድርገውታል።

የመገልበጫ መከላከያ ብረትና ቀበቶ የሌለው ትራክተር ዋጋው ምንም ቢረክስ አይገዛ። ስዊድን በ1959 አዲስ ትራክተር ሁሉ ይህ መከላከያ እንዲኖረው በሕግ አስገድዳለች። ፈርጉሰን ወደ ኋላ መገልበጥን ቀነሰ እንጂ በተዳፋት ላይ ወደ ጎን መገልበጥን አላስቀረም፤ ማጨድ ደግሞ ወደ ጎን የሚያዘነብል ሥራ ነው።

የግዢ ኮሚቴው ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቅልን። አንደኛ፣ የቢላ፣ የፊልትሮ፣ የፍሪሲዮን ሸራና የፓምፕ መለዋወጫ በመጋዘኑ መኖሩን በዓይን ያሳይ። ሁለተኛ፣ ማሳያውን በአስፋልት ዳር ባለ ደረቅ ሜዳ ላይ አያድርግ፤ በጥቅምት፣ ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ፣ ከወንዙ ዳር ባለው እርጥብ ሜዳችን ላይ፣ አባላት ቆመው እያዩ፣ የእኛው ሰው እየነዳው ይሁን።