የጦር ልብስና የሹመት ወንበር

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፥ የጅቡቲ ምድር ባቡር በሚያልፍበት በአቃቂ፥ ከጠላት ወረራ በፊት የተሠራ የራዲዮ ጣቢያ ነበረ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1928 ዓ.ም. በዚህ ጣቢያ አማካይነት ለአሜሪካ ሕዝብ ንግግር ባደረጉ ጊዜ፥ አድማጩ ድምፃቸውን ሰማ እንጂ ልብሳቸውን አላየም። ድምፅ የማዕረግ ምልክት አይለብስምና የደረሰው ቃሉ ብቻ ነበረ።

ከ28 ዓመት በኋላ ግን ያው ሕዝብ ንጉሠ ነገሥቱን በዓይኑ አየ። ኅዳር 15 ቀን 1956 ዓ.ም. የፕሬዚዳንት ኬኔዲ አስከሬን በዋሽንግተን ሲሸኝ፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሙሉ የጦር ልብስ ሆነው ከፊተኞቹ ረድፍ ተራመዱ። በዚያው ረድፍ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዠኔራል ደጎል የመኮንን ልብሳቸውን ለብሰው ነበር። አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ግን እንደ ማንኛውም ሐዘንተኛ ጥቁር ልብስ ነበር የለበሱት። ደጎል ንጉሥ አልነበሩም፤ የተመረጡ መሪ ነበሩ። እንግዲህ ምርጫ ብቻውን የጦር ልብስን የሚያስወልቅ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ የአሜሪካ ልማድ ከየት መጣ?

የመጣው ከአንድ ሰው ሥራ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን የነጻነቱን ጦርነት ድል አድርገው ከጨረሱ በኋላ፥ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1783 በአናፖሊስ ከተማ በምክር ቤቱ ፊት ቆመው የጦር አዛዥነታቸውን መለሱ። በ1789 ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙም በአገራቸው የተሠራ ቡናማ ሱፍ ለብሰው ቀረቡ። ንጉሠ ነገሥቱን በ1946 ዓ.ም. በእንግድነት የተቀበሏቸው አይዘንሃወርም ባለ አምስት ኮከብ ዠኔራል ሲሆኑ፥ ለፕሬዚዳንትነት በተወዳደሩበት ዓመት መኮንንነታቸውን ለቀው ነበር።

እስቲ ነገሩን ገልብጠን እንመልከተው። ዋሽንግተን በዚያ ቀን በጦር ልብሳቸው ምለው ቢሆን ኖሮ፥ ተከታያቸው ሁሉ ያንኑ ባደረገ ነበር፤ ጠበቃው ሊንከንም በዠኔራል ልብስ በታዩ ነበር። የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ በተጓዘበት በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትሩማን ስመ ጥሩውን ዠኔራል ማክአርተርን ከአዛዥነት ሻሩ። ሕዝቡ ያየው በድምፁ የመረጠው አንድ ሲቪል ሰው ጦሩን እንደሚያዝ ነበር። ሁለቱም ባለ ኮከብ ቢሆኑ ኖሮ ግን ነገሩ የሁለት ዠኔራሎች ጠብ በመሰለ፥ ተመልካቹም ማን ትክክል ነው ብሎ ሳይሆን የማን ኮከብ ይበዛል ብሎ በጠየቀ ነበር።

ይህ ግምት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን አገር የሚገዙበት ሹመት ስሙ ከሰፈር የወጣ ነው፤ ፊታውራሪ የፊተኛው ጦር አለቃ፥ ቀኛዝማች የቀኙ፥ ግራዝማች የግራው ነበር። ግብር የሚያስገባውና ዳኝነት የሚያየው ሹም በሰላም ዘመንም በዘመቻ ስሙ ይጠራ ነበር። ይህ ሥርዓት ለዐድዋ ድል ያበቃ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ባላገሩ ሹሙን እንደ አዛዥ እንጂ እንደ ተጠያቂ እንዳያየው አድርጎታል።

ከመስከረም 1967 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ነገሩ ከስም አልፎ በግልጥ ታየ። መኮንኖችና ወታደሮች በደርግ ስም መንግሥቱን ያዙ፤ ማንም አልመረጣቸውም፤ አዛዡም ሕግ አውጪውም እነርሱ ሆኑ። በጳጉሜን 1979 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በብሔራዊ ሸንጎ ፕሬዚዳንት ተብለው ተመረጡ። የማዕረጉ ስም ተለወጠ፤ ጦርነቱ ግን አልቆመም፥ ሥልጣኑም ከአንድ ሰው እጅ አልወጣም። ከዚህ የምንማረው ሌላውን ወገን ነው፤ ልብስን ማውለቅ ሕግ ካልተከተለው ከልብስ ለውጥ አያልፍም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ይህን በጽሑፍ አኖረው። በአንቀጽ 74 የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሲቪል እንዲሆን ታዘዘ። ቢሆንም ጊዜ ልብስን ይጠራል። ዋሽንግተን ራሳቸው በ1794 ዐመፅ በተነሣ ጊዜ የጦር ልብስ ለብሰው ወደ ሰፈር ወጥተዋል። እኛም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድን በጦር ልብስ ሆነው በግንባር አይተናል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ መሪ የጦር ልብስ ለበሰ ወይስ አልለበሰም አይደለም፤ በምን ሕግ ለበሰው፥ መቼስ ያወልቀዋል፥ ሲያወልቀውስ ለማን መልስ ይሰጣል የሚለው ነው።

ወደ ተነሣንበት ወደ አቃቂ እንመለስ። በዚያ ያለ የፋብሪካ ሠራተኛ ቱታውን ለሥራው ይለብሳል፤ ሥራው ሲያልቅ አውልቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቱታው የሥራው እንጂ የእርሱ እንዳልሆነ ያውቃልና ለብሶት ሊያድር አያስብም። ሥልጣንም እንደዚሁ ቢታይ መልካም ነው እንላለን። ይህንንም ልጆቻችን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከመሪዎቻቸው ሥራ ሊማሩት ይገባል።