የአጎቴ ሳንሱይ፣ የቆቃ መብራት

አጎቴ ሳሎን ውስጥ አንድ ከባድ ጥቁር ሳጥን ነበረ። ልጆች ሆነን ቁልፉን የነካ ኩርኩም ይቀምስ ነበር። ባለፈው ዓመት ድንገት ጠርቶኝ "አንተ ውሰደው፤ የእኔማ ጆሮ ደክሟል" አለኝ። ሳንሱይ ኤዩ-717 ነው፤ የጃፓን ሥራ፣ ገበያ ላይ የዋለው በ1977 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ለእያንዳንዱ ስፒከር 85 ዋት የሚሰጥ ኢንተግሬትድ አምፕሊፋየር። አጎቴ በደርግ ጊዜ የገዛው ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ባለሙያ ላይ ነው። ያኔ እንዲህ ያለ ዕቃ ሱቅ ተገብቶ የሚገዛ አልነበረም፤ የሚሄድ ፈረንጅ ይጠበቅ ነበር።

ሳጥኑን ባጃጅ ላይ ጭኜ ወደ ቤቴ ስሄድ አንድ ጥያቄ ይዤ ነበር፤ ይሄን ላስጠግን ወይስ አዲስ ልግዛ? ስለ ዕቃ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ፖለቲካ አለበት።

ለማያውቅ ላስረዳ። ኢንተግሬትድ የሚባለው ሁለት ሥራ በአንድ ሳጥን ስለያዘ ነው። አንዱ ክፍል ከሸክላ ማጫወቻው፣ ከዴኩ ወይም ከስልኩ የሚመጣውን ደካማ ምልክት ይቀበላል፣ ያስተካክላል። ሌላው ጉልበት ጨምሮለት ስፒከሩን ይነዳል። ጉልበቱን ከየት ያመጣል? ከግድግዳው ሶኬት። አምፕሊፋየር የመብራቱን ኃይል ወስዶ በሙዚቃው ቅርጽ የሚያወጣ ማሽን ነው። ስለዚህ የእኛ አካባቢ የአምፕሊፋየር ታሪክ የሚጀምረው ከቶኪዮ ሳይሆን ከአዋሽ ወንዝ ነው።

ቆቃ ግድብ ሥራ የጀመረው በ1960 ነው። ገንዘቡ ጣሊያን ለወረራው ከከፈለችው የጦር ካሳ የተገኘ ነው፤ 43.2 ሜጋዋት ያመነጭ ነበር። ከእሱ በታች አዋሽ ሁለት በ1966፣ አዋሽ ሦስት በ1971 ተከተሉ። መብራቱ በዋናነት ለአዲስ አበባና ለፋብሪካዎች ነበር። ከዚያ በፊትም የሆላንዱ ኩባንያ ኤችቪኤ ወንጂ ላይ በ1954 ስኳር ማምረት ጀምሮ ነበር፤ ወደ መተሐራ የወረደው በኋላ ነው። ወንጂና ቆቃ አካባቢ የጂሌ፣ መተሐራ ላይ የከረዩ ኦሮሞዎች የአዋሽን ዳር የግጦሽ መሬታቸውን ለሸንኮራና ለግድብ ለቀዋል። ሳሎናችን ውስጥ ሙዚቃ ያመጣው መብራት ይሄም ሒሳብ አለበት። ስንት ሰው በዚያ መሬት ላይ ኖሮ አምፖል ሳያይ እንደሞተ አስቡት።

መብራቱ መጣ እንበል። ምን ይሰማበታል? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። በ1948 በወጣ ትእዛዝ ሸክላ ማሳተምና ማስመጣት የመንግሥት ብቸኛ መብት ሆነ፤ መብቱም ለሀገር ፍቅር ተሰጠ። ሀገር ፍቅር ግን ያሳተመው ከቁጥር የማይገባ ነበር። ሃያ ዓመት ያህል የአገሬው ዘፋኝ በራዲዮና በመድረክ ብቻ ተሰማ። መሣሪያ ያለው ሰው በመሣሪያው የሚያጫውተው በአብዛኛው የውጭ ዘፈን ነበር።

ይህን አጥር የዘለለው ሐራምቤ የሚባል የሙዚቃ ሱቅ የነበረው ወጣት አምሃ እሸቴ ነው። በ1969 ፈቃድ ሳይኖረው ዓለማየሁ እሸቴን ቀርጾ፣ ሸክላውን ሕንድ አገር አሳትሞ አስገባ። እስር ሊጠብቀው ይችል ነበር። ሕዝቡ ሸክላውን ሲሻማበት መንግሥት ዝም አለ። አምሃ በ1975 ከአገር እስኪወጣ ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ። ዓሊ አብደላ ካይፋም (ዓሊ ታንጎ የምንለው) በራሱ ካይፋ ሬከርድስ ተከተለው።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊ መጣ፤ ሸክላው በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆመ፤ ካሴት ነገሠ። የአጎቴ ሳንሱይ እዚህ አገር ሲገዛ ሸክላ አልቆ ነበር። ያን ሁሉ ጉልበት ይዞ ሲያጫውት የኖረው ከካሴት ላይ የተቀዳ የካሴት ቅጂ ነው። ማሽን ቢናገር ቅሬታ ነበረው።

ዛሬስ? ካይፋ በ1975 ያወጣውን የማሕሙድ አህመድን "ኤረ መላ መላ" በ1986 ያሳተመው የቤልጅየም ኩባንያ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ "ኢትዮፒክስ" ተከተለ። ሥራቸውን አደንቃለሁ፤ ባይኖሩ ስንቱ ጠፍቶ በቀረ። ግን ልብ በሉ፤ ዛሬ የእኛን ዘፈን በጥሩ ሸክላ፣ በጥሩ አምፕሊፋየር መስማት የሚችለው ብራስልስ ያለው ሰው ነው። ብሩ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነበት ከሐምሌ 2024 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። 5,000 ዶላር የሚያወጣ አምፕሊፋየር 285,000 ብር ማለት ነው። ዶላሩ 120 ሲገባ ያው ዕቃ 600,000 ሆነ። ቀረጥና ማጓጓዣ ገና አልተቆጠረም። በፍሪላንስ ጋዜጠኛ ገቢ ይህን ማሰብም ኃጢአት ነው።

ስለዚህ ማስጠገን። ባለሙያ ፍለጋ አዳማን ዞርኩ። ወጣቶቹ የሞባይል ቦርድ እንጂ እንዲህ ያለ ማሽን አይነኩም፤ አንዱ "በኪሎ ሽጠው" አለኝ። ያገኘሁት ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ አባት ናቸው። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት፤ እውነቴን ነው፣ አሸተቱት። "ልጄ፣ ይሄ አልተቃጠለም፤ ደርቋል" አሉኝ። ካፓሲተር ውስጥ ያለው ፈሳሽ በሙቀት ይደርቃል፤ በልማዳዊው ስሌት ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። እኛ ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን። "ቁም ሳጥን ውስጥ አትዝጋበት፣ ላዩ ላይ ዳንቴል አታልብስ" ብለው መከሩኝ። አጎቴ ለአርባ ዓመት ዳንቴል አልብሶት ነበር።

ሌላም ያስተማሩኝን ልንገራችሁ፤ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ይጠቅማል። በዋት ብዛት አትሸወዱ። ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ "ትንሽ ከፍ አለ" የሚለው ያህል። በ1978 የወጣው ኤንኤዲ 3020 በወረቀት ላይ 20 ዋት ነው፤ ለኮንዶሚኒየም ሳሎን ግን ተርፎ ጎረቤት ያጣላል። ከአሜሪካ የሚላክላችሁ ዕቃ 120 ቮልት፣ ከጃፓን ገበያ የሚመጣው 100 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ እኛ ጋ 220 ነው። ቀጥታ ከተሰካ የሚሰማው የመጨረሻው ድምፅ "ቷ!" ነው። የአጎቴ ዕድል ሆኖ ከኋላው የቮልቴጅ መምረጫ አለው።

ለካፓሲተሮቹና ለእጃቸው የከፈልኩት ከአዲስ መካከለኛ ስልክ ዋጋ ያንሳል። የገረመኝ ከዚያ በላይ ስታቢላይዘሩ ማስፈለጉ ነው። ከከተማችን በላይ ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ ይሽከረከራሉ፤ አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋዋት። እኔ ሰፈር ግን ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ይደክማል፤ ሳንሱይም አብሮ ይደክማል።

ስለዚህ የምሰማው ሌሊት ነው። በመጀመሪያው ቀን አጎቴን ጠርቼ የዓሊ ቢራን አጫወትኩለት። የድሬዳዋው ልጅ በ2022 ያረፈው እዚሁ አዳማ ነው። አጎቴ ጆሮው የደከመ ሰውዬ ወንበሩን ወደ ስፒከሩ ጎትቶ ጥቂት ከሰማ በኋላ "ይሄ ባስ ጊታር ድሮም እዚህ ውስጥ ነበረ?" አለኝ። ነበረ አልኩት።