ባቡር የወለዳት ሰፈር፤ የድሬዳዋ ከዚራ

ከተማ የሚቈረቈርበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ንጉሥ ድንኳኑን በተከለበት፥ አንዱ ታቦት በገባበት፥ አንዱም ገበያ በቆመበት ይቈረቈራል። በድሬዳዋ የምትገኘው ከዚራ ግን ከእነዚህ በአንዱም አልተመሠረተችም፤ የወለዳት ሐዲድ ነው። ስለዚህ ሰው ለጥቅም ብሎ የሠራው መንደር ጥቅሙ ሲያልፍ ምን ይቀርለታል ብሎ ለሚመረምር፥ የእርሷ ታሪክ ትልቅ ትምህርት አለው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊስ አገሩ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ በሰጡ ጊዜ የታሰበው፥ መንገዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር እንዲያልፍ ነበረ። ነገር ግን ሐረር በደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሐዲዱን እስከዚያ ማውጣት ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ተራራው ተትቶ በግርጌው ያለው ሜዳ ተመረጠ። ባቡሩም 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ከደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰ። አዲሱ ከተማ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ቢሰየምም ስሙ አልጸናም፤ ሕዝቡ ድሬዳዋ ማለቱን አልተወም።

ከዚህ በኋላ ኩባንያው በገንዘብ እጦትና በኃያላን መንግሥታት ክርክር ምክንያት ሥራውን ለጥቂት ዓመታት አቆመ። ለኩባንያው ኪሣራ የሆነው ይህ መዘግየት ለድሬዳዋ ሲሳይ ሆነላት። ሐዲዱ በዚያ ስላበቃ፥ ከደጋ ቡናና ቆዳ ጭኖ የወረደው ግመልና በቅሎ ሸክሙን የሚያራግፈው በዚያው ነበረ፤ የግሪክ፥ የአርመን፥ የሕንድና የዐረብ ነጋዴም ሱቁን ከፈተ። በ1900 ዓ.ም. በተሰጠው አዲስ ፈቃድ ሥራው ቀጥሎ፥ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፥ ድሬዳዋ የ784 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ዋና ማረፊያ ሆና ቀረች።

ከዚራ ኩባንያው ለሹማምንቱና ለሠራተኞቹ ያቀናት ሰፈር ናት። ከጣቢያው ፊት የሚነሡት መንገዶቿ ቀጥ ያሉ፥ በግራና በቀኝ ዛፍ የተተከለባቸው ናቸው፤ ቤቶቿም ከቆላው ሐሩር የሚያስጠልል ሰፊ በረንዳ አላቸው። ከደቻቱ ማዶ ያለችው መጋላ ግን የመሐንዲስ ገመድ ሳይለካት ገበያተኛው እንደ ተመቸው የሠራት ናት፤ ቀፊራ የተባለውም ገበያ በዚያ ነው። በመካከላቸው ያለው ወንዝ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ዳሩ ግን በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በሌሊት በድንገት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። ያን ጊዜ ሐዘኑ ማዶና ማዶ አላለም።

በከዚራ የኖረ ሰው ሰዓቱን የሚያውቀው በባቡር ጩኸት ነበረ። በቀድሞ ዘመን ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ስለ ነበረ፥ መንገደኛው በአዋሽና በድሬዳዋ ያድር ነበረ፤ ስለዚህ ሆቴል ያለው፥ አልጋ የሚያከራየው፥ ምግብ የሚሸጠው ሁሉ እንጀራው ከሐዲዱ ነበረ። በባቡሩ የጥገና ሥራ ቤት ብረት መቅረጽና ሞተር መፍታት ይለመድ ነበረ፤ ፈረንሳይኛም ከመዶሻው ድምፅ ጋራ ይሰማ ነበረ። ታኅሣሥ 19 ቀንና ሐምሌ 19 ቀን ሲደርስ ደግሞ፥ ለቍልቢ ገብርኤል ስለት ያለበት ምእመን በባቡር ድሬዳዋ ደርሶ ከዚያ ወደ ተራራው ይወጣ ነበረ። ለንግድ የተዘረጋው ሐዲድ እንዲህ ጸሎተኛውንም አገለገለ።

ይህ ሁሉ አለፈ። የመኪና መንገድ ጭነቱን ወሰደበት፥ ሐዲዱም አረጀ፤ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ቀረ። በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ፤ ጣቢያው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። ሐረርን ትቶ ያለፈው ሐዲድ ድሬዳዋን ወለደ፤ አዲሱ ሐዲድ በተራው ከዚራን ትቶ አለፈ።

እንግዲህ ከዚራ ከሐረር ትማር። ሐረር ባቡር ስለ ቀረባት አልጠፋችም፤ ባቡር ያልሰጣት ነገር፥ ማለት ግንቧ፥ ትምህርቷና የሕዝቧ ልማድ አቆይቷታል። ከዚራም ከሐዲዱ ያልተቀበለችው ሀብት አላት፤ እርሱም ኦሮሞው፥ ሶማሌው፥ አማራው፥ ሐረሪውና ጕራጌው በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቋንቋ የተዋሰበት ጕርብትና፥ ክርስቲያኑና እስላሙ ደስታና ሐዘን የተካፈለበት ኑሮ ነው። ኩባንያ ይህን በውል አይጽፈውም፥ ሲከስርም ይዞት አይሄድም።

ነገር ግን ያልጠበቁት ሀብት ይጠፋል። ዛፉ ሲቈረጥ ሌላ ካልተተከለ፥ አሮጌው ቤት ያለ ምርመራ ከፈረሰ፥ በሐዲዱ ላይ ዕድሜውን የፈጀው ሽማግሌ ያየውን ሳያስጽፍ ከሞተ፥ ለልጅ ልጅ የሚቀረው የዛገ ብረት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የሰፈሩ ወጣቶች ደብተርና እርሳስ ይዘው ወደ አረጋውያን ቤት ይሂዱ። ባቡሩ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣ ነበረ፤ የሽማግሌ ዕድሜ ግን ሰዓት አይጠብቅም።